የሠርጌ ለት በጥቂት ቦታዎች ዘነበ

ያገባሁት በጥር ነው። ጥር በእኛ አገር የሠርግ ወር ነው፤ እህሉ በአብዛኛው ገብቷል፣ ዐቢይ ጾም ገና ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩም ሰው አያስቸግርም። ዝናብ ይመጣል ብሎ የጥር ሠርግ ያዛወረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ የዚያን ለት የሆነውን ስናገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «በጥር?» ብሎ ነው። አዎ፣ በጥር።

እኔ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የወገዳ ሰው ነው፤ ተወልዶ ባደገበት ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል። ያን ጊዜ መካነ ኢየሱስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ብዙ ቢሆንም አንዱ ከላይ የሚመጣውን የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ተቀብዬ ለየቀበሌው የልማት ሠራተኞች በስልክ ማድረስ ነበር። እነሱ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ገበያ ላይ ለሕዝቡ ያነባሉ። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሌላ ከተማ ያለ የትንበያ ባለሙያ ነው። በስልክ እንተዋወቃለን እንጂ ፊቱን አይቼው አላውቅም። የሚልከውን አንድ ፊደል ሳልነካ አስተላልፋለሁ። ሥራው እንደዚያ ነው የተባልኩት።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ቤታችን በሰው ሞልቷል። እኔ እንሶስላ ታስሮልኝ ሁለቱም እጆቼ በጨርቅ ተጠቅልለው መደብ ላይ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። አብሮ አደጌ አነሣችውና «ከመሥሪያ ቤት ነው፤ መልእክት ነው» አለችኝ።

«አንብቢውና ለሁሉም ላኪልኝ» አልኳት። እጄ ታስሮ ምን ላድርግ።

እሷም ጮክ ብላ አነበበችው። በሚቀጥሉት ቀናት በምሥራቅ አማራና በአጎራባች አካባቢዎች፣ በጥቂት ቦታዎች፣ ወቅቱን ያልጠበቀ፣ ከቀላል እስከ መካከለኛ መጠን ያለው ዝናብ ይጠበቃል ይላል። አልፎ አልፎም በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊከሰት ስለሚችል የሚመለከታቸው ሁሉ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ያሳስባል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አክስቴ፣ ከምትልጠው ሽንኩርት ቀና ብላ። «ያልጠበቀው ነው የሚጠበቀው?»

ሴቶቹ ሳቁ። «ወቅቱን ያልጠበቀ ማለት ያለ ጊዜው የሚመጣ ነው» አልኩ። «ይጠበቃል ማለት ደግሞ ይመጣል ብለው ያስባሉ ነው።»

«እኔ በጥር ዝናብ አልጠብቅም። የሚጠብቅ ካለ ይጠብቅ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

አባቴ ግን ሰምቶ ኖሯል። ከጎረቤት ወንዶች ጋር ዳስ እየጣለ ነበር፤ መዶሻውን እንደያዘ ገባ።

«ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» አለኝ።

«በጥቂት ቦታዎች ይዘንባል ነው የሚለው።»

«የትኞቹ ናቸው እነዚያ ጥቂቶቹ?»

«አይልም።»

«ጥንቃቄ የሚለውስ? ዳሱን በሸራ ልሸፍነው ነው? ወይስ ሰው አልጥራ?»

እሱንም አይልም። አባቴ «ምሥራቅ አማራ ማለት ወሎ ነው፤ እኛ ጎንደሬ ነን፤ አይመለከተንም» ብሎ ወጣ። ነገሩ ለእሱ እዚያ ላይ አለቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ የምፈልገው መልስ እሱ ነበርና።

ወገዳ ያሉት አማቼ፣ የእጮኛዬ አባት፣ ግን ያንኑ ማስታወቂያ ከእነሱ ወረዳ በኩል ሰምተው ኖሮ በማግሥቱ ደወሉ። አባቴ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁለቱ ከሽምግልናው ጊዜ ወዲህ በአክብሮት ነው የሚነጋገሩት።

«እንዴት ሰነበቱ?» ተባባሉ፤ ከብቱን፣ እህሉን፣ ቤተ ሰዉን ተጠያየቁ። ከዚያ አማቼ «ይሄን የዝናብ ነገር ሰምተዋል?» አሉ።

«ሰምቻለሁ። ለወሎ ነው።»

«እኛንና ወሎን እኮ የሚለየን አንድ ወንዝ ነው። ደግሞ አጎራባች ይላል።»

«ታዲያ ለእናንተ ይሆናላ! ለእኛ አይደለም።»

«መንገዱ ግን የእናንተም የእኛም ነው» አሉ አማቼ በዝግታ። «እኔ የምለው፣ ልጆቹ በጠዋት መጥተው ሙሽራዋን ይዘው በጊዜ ቢመለሱ ምን ይመስልዎታል? ዋልካው መሬት ከራሰ መኪና አያልፍበትም።»

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። «ልጄ ከቤቴ በቁርስ ሰዓት አትወጣም። የጠራሁት ሰው አለ። በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ነው የሚሸኛት። ደሞስ ማስታወቂያው ቀላል ዝናብ ነው ያለው።»

«ከቀላል እስከ መካከለኛ።»

«ከቀላል ነው የሚጀምረው!»

እኔ ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ጣልቃ መግባት አልቻልኩም። ሙሽራ በሠርጓ ጉዳይ አትከራከርም። አንዱ አጎቴ ገብተው አስማሟቸው፤ ሙሽራው በጊዜ እንዲመጣ፣ ምሳ እንደተበላ ወዲያው እንዲወጡ። ሁለቱም «እሺ» አሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን አባቴ «ወረቀት አንብቦ ሠርጌን ሊያሳጥር!» ብሎ አጉረመረመ።

አመሻሹ ላይ እጮኛዬ ራሱ ደወለልኝ።

«አንቺ ከውስጥ ያለሽ ሰው፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «እኛ ከጥቂት ቦታዎቹ ውስጥ ነን?»

«የማውቀው አንተ የምታውቀውን ነው።»

«ከባድ ዝናብ ‹ሊከሰት ይችላል› ይላል። ይህን ለተማሪ በፈተና ብሰጠው መልስ አይኖረውም እኮ። ሊከሰትም ይችላል፣ ላይከሰትም ይችላል።»

«ሠርጉን ልናዛውረው ነው?»

«ኧረ ምን አስበሽ!» አለ። ሳቅን። ነገሩን እዚያው ተውነው።

እሑድ ማለዳ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ነበር። አባቴ ከዳሱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ እያየ ለመጣው ሁሉ «ይኸውላችሁ!» ይላል። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ባሉት ሰዓት ባይሆንም ብዙ ሳይዘገዩ ደረሱ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ምሳ እንደተበላ ይወጣሉ የተባለው ግን እንደ ሠርግ ሁሉ ተጎተተ፤ አንድ ሽማግሌ መርቀው ሲጨርሱ ሌላው ይጀምራሉ፤ ያልዘፈነ ዘመድ ይቀራል። የአባቴንና የእናቴን ጉልበት ስሜ ስወጣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች።

ከፊት ለሙሽራ የተጌጠው መኪና፣ ከኋላ ሚኒባሱ ሆነን ተጓዝን። ጥሩምባው መንገድ ላይ ያለውን ሕፃን ሁሉ ያስወጣል። ብዙ ከሄድን በኋላ ሾፌሩ ጥሩምባውን ተወ። ከፊታችን ከጋራው ወዲያ ያለው ሰማይ ጠቁሯል። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ቀጥሎ ትልልቅ ጠብታ፣ ከዚያ በረዶ። የመኪናው ጣሪያ ላይ ሽምብራ የሚቆላ ይመስል ነበር። አበባውና ሪባኑ ከመኪናው አፍንጫ ላይ ተገንጥሎ ሲወርድ አየሁት። ሾፌሩ ዳገቱን ለመጨረስ ቢሞክርም መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ መኪናው እንደ ሳሙና ተንሸራቶ የኋላ እግሩ ቦይ ውስጥ ገባ። ሚኒባሱ ከኋላችን ገና ቁልቁለቱ ላይ ቆመ።

ከመንገዱ ዳር ግቢ ነበር። ከዚያ አንዲት እናት ከሣር የተሠራ የዝናብ ገሣ ለብሰው፣ ሌላ ገሣ በእጃቸው ይዘው መጡ። የመኪናውን በር ከፍተው እኔን አዩኝና «ውይ በሞትኩት፣ ሙሽራ!» አሉ። ገሣውን ከቬሎዬ በላይ አለበሱኝ። ሣር የሚሸተው ያ ገሣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ባለቤቴ አቅፎ ወደ ቤቱ ደጃፍ አደረሰኝ።

ከጣሪያው ጥግ ሥር ቆሜ ሳይ ባልየው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አውድማው ላይ ብቻቸውን ይታገላሉ። ሽምብራ ነው። ግማሹ ተወቅቶ ምርቱ ተከምሯል፣ ግማሹ ገና ከነአገዳው ነው። ላስቲክ ሊጥሉበት ሲሉ ነፋሱ ይነጥቃቸዋል። ባለቤቴ ይህን እንዳየ የሱፍ ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ሮጠ። ሚዜዎቹም ከረባታቸውን ኪሳቸው ውስጥ እየከተቱ ተከተሉት። ከሚኒባሱም ወንዶች መጡ። አንዱ ላስቲኩን ይይዛል፣ አንዱ ምርቱን በማዳበሪያ ጆንያ ይሞላል፣ አንዱ ተሸክሞ ቤት ያስገባል። እኔም ልሄድ ስል ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ነሽ አንቺ? ሙሽራ እህል አትሸከምም። ቁሚ እዚህ።»

ዝናቡ እንደ አመጣጡ ቶሎ አባራ። ግማሹ ምርት ገብቷል፤ የቀረው ረጥቧል፤ ያልተወቃው ክምር ከላይ እስከ ታች ውሃ ጠጥቷል። አዛውንቱ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሚዜዎቹ ነጭ ሸሚዛቸው ጭቃ ሆኖ ዙሪያውን ቆመዋል። ሴትዮዋ ጠላ ቀዱላቸው።

«እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ አዛውንቱ። «ዘራችሁ ይባረክ። የት ነው መንገዱ?»

«ወገዳ፣ አባባ» አለ ባለቤቴ። «ማስታወቂያውን አልሰሙም ነበር?»

«ሰምቻለሁ እንጂ። ባለፈው ቤተ ክርስቲያን አነበቡልን። ምሥራቅ አማራ አሉ፤ እኛ ከየትኛው እንደሆንን አላወቅንም። ጥቂት ቦታ አሉ። ጥቂት ከሆነ እኛን በምን ያገኘናል ብዬ ላስቲክ ሳልጥል ወጣሁ።» ወደ ክምሩ አዩ። «ለካ ጥቂት ቦታ ማለት እኛ ነን።»

ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም ጭምር። እኔ ግን አልሳቅሁም። አንደኛው ሚዜ ለቀልድ ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። «አባባ፣ ይህችን ያውቋታል? ማስታወቂያውን የምትልከው እኮ እሷ ናት!»

ሽማግሌው ከገሣው ሥር የወጣውን የቬሎዬን ጫፍ ተመለከቱ፤ ከዚያ ፊቴን።

«እውነት ነው?»

«አስተላልፋለሁ እንጂ እኔ አልጽፈውም፣ አባባ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚፈልጉት። «እንኳን መጣሽ ታዲያ» አሉ። «ንገሪኝ፤ ነገም አለ? ላስጣው ወይስ እንደተሸፈነ ልተወው? ተሸፍኖ ከዋለ ይሻግታል፤ አስጥቼው ከደገመው ደግሞ ሁሉም ይሄዳል።»

መልእክቱን በአእምሮዬ አገላበጥኩት። በሚቀጥሉት ቀናት ይላል። ነገ ከሚቀጥሉት ቀናት አንዱ ነው። ለአንድ አውድማ የሚሆን ቃል ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ስልኬን ከአብሮ አደጌ ቦርሳ አስወጥቼ ለትንበያ ባለሙያው ደወልኩ። እሑድ መሆኑ ትዝ ያለኝ እሱ «ሃሎ» ካለ በኋላ ነው።

«አንቺ! ዛሬ ሠርግሽ አይደል እንዴ?» አለኝ።

«ነው። ዝናብ ይዞኝ ሰው ቤት ነኝ። ነገ እዚህ ይዘንባል?»

«የደመና ክምችቱ በሂደት እየቀነሰ ይሄዳል። ቢሆንም የከሰዓት በኋላ ማሞቅ ስላለ በተወሰኑ ቦታዎች...»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

«በአማርኛ አይደል እንዴ የማወራሽ?»

«ሰውየው አጠገቤ ናቸው። ሽምብራቸው ርሷል። ያስጡት ወይስ አያስጡት?»

ድምፁ ተለውጦ፣ ወንድሙን እንደሚመክር ሰው «ጠዋት ያስጡት» አለ። «ጠዋቱ ፀሐይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከምሳ በኋላ ግን እኔ ብሆን ውጭ አልተወውም ነበር። ልሳሳት እችላለሁ በያቸው።»

ቃል በቃል ነገርኳቸው፣ ልሳሳት እችላለሁ የሚለውንም ጨምሬ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸ ይበቃል» አሉ።

ባለሙያው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ለምን እንደዚህ አትጽፈውም?» ብዬው ነበር። «ለአንድ አውድማ አይደለማ የምጽፈው» አለኝ። «እዚህ ይዘንባል ብዬ ቦታ ብጠራ፣ ያልጠራሁት ሰው ተዘናግቶ ይተኛል። ‹ይዘንባል› ብዬ ሳይዘንብ ቢቀር ደግሞ በሚቀጥለው ማንም አይሰማኝም። ለዚህ ነው እንዲያ የምንለው። በይ፣ ጋብቻሽን የአብርሃም የሣራ ያድርግልሽ።» የተናገረው እውነት አለው፤ እስከ ዛሬም አልክድም።

ከፊታችን ያለው ጅረት ሞልቶ ስለነበር እስኪጎድል ቆየን። የሰፈሩ ሰዎች ተጠርተው መጥተው መኪናውን ከቦዩ በገመድ ጎተቱት፤ ወደ ፊት ግን ሊሄድ አልቻለም። አማቼ ከወገዳ በኩል መኪና እንዲልኩ ተደወለ። ከጅረቱ ማዶ ሲደርስልን እኔን አንዱ ሚዜ አዝሎ አሻገረኝ። ሙሽራ በሚዜ መታዘል ልማድ ነው፤ እንደዚያ ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ድንጋይ በእግሩ እየፈተሸ፣ «እንዳትንቀሳቀሽ!» እያለኝ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሴትዮዋ ከመሻገሬ በፊት ገሣውን ከእኔ ላይ ተቀብለው ግንባሬን ስመውኝ ነበር።

ወገዳ ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ከተማው አቧራ ነበር። አንድ ጠብታ አልወረደበትም። የባለቤቴ እናት ወጥተው ሲቀበሉኝ የቬሎዬን ጫፍ አንሥተው ጭቃውን አዩና «ልጄ፣ በየት አገር ነው ያመጡሽ?» አሉኝ። ወደ አባቴ ስንደውል እዚያም ፀሐይ እንደነበር ነገረን። «አልኩ አይደል ለእኛ አይደለም ብዬ» አለ። አማቼም ከዚህ በኩል «ለእኛም አልሆነም» አሉት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የዘነበው እነሱ ካልተከራከሩበት ቦታ ላይ ነው።

ለመልስ ወደ መካነ ኢየሱስ ስንመለስ ዳቦና ጥቂት ስጦታ ይዘን ከዝናብ ወዳስጠለለን ቤት ገባን። በሠርጉ ማግሥት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አልመጣም ነበር። ሽማግሌው ግን ሽምብራውን ጠዋት አስጥተው በምሳ ሰዓት ጎረቤት ጠርተው አስገብተዋል።

«በከንቱ አደከምንዎት» አልኳቸው።

«ድካሙስ የእኔ ነው። ልሳሳት እችላለሁ ብሎኛል፤ እኔም አውቄ ነው ያስገባሁት» አሉኝ። «ያስከፋኝ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። እሱ ተሳስቶ አይደለም፤ ግን ምን አድርግ እንዳለኝ አላወቅሁም።»

የራሰው ክምር ጠቁሮ ለዘር አልሆነም። ሽሮ አደረጉት። ለእኛም አስያዙን፤ ወጥ ሲሠራ ትንሽ ጠቆር ይላል እንጂ ጣዕሙ ደህና ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ሥራዬን ወደ ወገዳ አዛወርኩ። እዚህም ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ለእኔ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን በራሴ ቃል ቀይሬ ልኬው አለቃዬ ጠሩኝ። «ከላይ የመጣ ቃል አይነካም፤ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማን ነው?» አሉኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው የመጣው ቃል እንዳለ እንዲሆን፣ ከሥሩ ደግሞ እኔ ለባለሙያው ደውዬ ያጣራሁትን እንድጨምር ነው። ስለዚህ አሁን ከታች ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። የተወቃ እህል ካለ ከምሳ በኋላ አስገቡ፤ ከብት ከጅረት ማዶ አታሰማሩ፤ ገበያ ከወጣችሁ በጊዜ ተመለሱ። ባለሙያው መጀመሪያ በደወልኩ ቁጥር ይሰላች ነበር፤ አሁን ከመላኩ በፊት «ይህ ለሰው ይገባል?» ብሎ የሚያነብልኝ ጊዜ አለ።

ሁልጊዜ አይሳካም። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ውጭ የተሰጣ ነገር እንዲነሣ ጽፌ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ዋለ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ ሴት በሰው መካከል ጠራችኝ።

«አንቺ ነሽ አይደል? በርበሬዬን አስገባሁልሽ። ያን የመሰለ ፀሐይ አስባከንሽኝ!»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ዝናብ ይመጣል ብለን ነበር።»

«ካላወቃችሁ አናውቅም አትሉም?»

«እንላለን እንጂ» አልኩ፤ «‹ላይዘንብ ይችላል› ይላል እኮ መጨረሻው ላይ።»

«ያን አላነበቡልንም» አለች።

ይህን ለቀበሌው ሠራተኛ ደውዬ ጠየቅሁት። ወረቀቱ ረዝሞበት የመጨረሻውን መስመር እንደተወው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ከላይ አስቀድሜ እጽፈዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የጻፍኩት ልክ ሆነ፤ እንዳልነው ዘነበ፣ ሰውም እህሉን አስገብቶ ነበር። ገበያ ስሄድ ማንም ጠርቶ አላነጋገረኝም፤ በርበሬ ሻጯም ስታየኝ ራሷን ነቀነቀችልኝና ደንበኛዋን ማስተናገድ ቀጠለች።